ከባድ ጀልባ በፒካፕ ከአዲስ አበባ ዳርቻ እስከ ሐይቅ፦ ዝርዝር የመጎተት መመሪያ

ፒካፕ ከባድ ጀልባ ይጎትታል። ናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሉክስ፣ ዲማክስ ወይም ሬንጀር ሁለት ቶን አስነስቶ ከቃሊቲ ለመውጣት ብዙም አይቸገርም። ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ጋ ነው። መኪናው ስለተነሳ ብቻ ሥራው የተቻለ ይመስለዋል። ዋናው ጥያቄ ግን ያ ሁለት ቶን ከኋላ እየገፋ ቁልቁለት ላይ ይቆማል ወይ የሚለው ነው።

የአገራችን አቀማመጥ ደግሞ ጥያቄውን ያከብደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሲኬድ ፍሬን ይፈተናል፣ ሲመለሱ ሞተር። ሁለቱም ፈተናዎች የሚታለፉት መንገድ ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ በሚደረግ ዝግጅት ነው። ለዚህ ነው ከታች ካለው ጽሑፍ አብዛኛው መኪናው ሳይነሳ ስለሚሠራው ሥራ የሆነው።

ትክክለኛውን ክብደት እወቁ

ሻጩ «ጀልባው 1,100 ኪሎ ነው» ሲላችሁ ባዶውን አካል ማለቱ ነው። ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ባትሪው፣ መልሕቁ፣ ገመዱ አልተቆጠሩም። ተሳቢው ራሱም አልተቆጠረም። በምሳሌ እንየው። ባዶው ጀልባ 1,100 ኪሎ ይሁን። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 190 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። 100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ አካባቢ ነው። ልዩ ልዩ ዕቃ 100 ኪሎ፣ ተሳቢው 450 ኪሎ ብንል ድምሩ 1,915 ኪሎ መጣ። «አንድ ቶን ምናምን» የተባለው ነገር ሁለት ቶን ሆነ ማለት ነው።

በግምት አትሂዱ። አቃቂና ቃሊቲ አካባቢ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ምድር ሚዛን ፈልጉ። መጀመሪያ ፒካፑን ከነተሳቢው አስመዝኑ፣ ከዚያ ተሳቢውን ፈትታችሁ ብቻውን። ወረቀቱን አስቀምጡት፣ በኋላ ይፈለጋል።

ቀጥሎ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ። የምትፈልጉት ሦስት ቁጥር ነው። አንደኛው መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለት ክብደት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ፒካፖች ፍሬን ላለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ፣ ፍሬን ለሌለው 750 ኪሎ ይፈቅዳሉ። የቆዩ ሞዴሎች 2,500 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው መንጠቆው ላይ ወደ ታች እንዲጫን የተፈቀደው ክብደት ነው። ሦስተኛው መኪናውና ተሳቢው ከነጭነታቸው አንድ ላይ ከዚህ አይበልጡም የሚለው ጣሪያ ነው። ይህ ሦስተኛው ቁጥር ነው በብዛት የሚረሳው። 3,500 ኪሎ ይጎትታል የተባለ ፒካፕ አምስት ሰውና ሙሉ ጭነት ይዞ ያንኑ 3,500 ይጎትታል ማለት አይደለም። ከኋላ ሲጨመር ከላይ መቀነስ አለበት።

ከፍታውንም አስቡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ከአምስት እጅ አንዱን አጥቷል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው የተሻለ ይቋቋማል፣ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን ማቀዝቀዝም ይከብዳል። እኔ በዚህ ከፍታ ከተፈቀደው ሦስት አራተኛ በላይ መጎተት አልመክርም። 2,500 ኪሎ የተፈቀደለት መኪና ካላችሁ 1,875 ኪሎ ላይ ቁሙ።

መንጠቆው የት ነው የተያዘው?

ፓራውርቶ ላይ የተበየደ መንጠቆ ለከባድ ጀልባ አይሆንም። ፓራውርቶ ለዚህ ጭነት አልተሠራም። መጎተቻው ሻንሲው ላይ፣ በሁለቱም ጎን፣ በቡሎን መታሰር አለበት። የቡሎኑን ራስ እዩ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ከሌለው አውጥታችሁ ቀይሩት። ጎበዝ በያጅ በየሰፈሩ አለ፣ ግን ብየዳ የሻንሲውን ብረት በሙቀት ሊያዳክመው ይችላል። ቡሎን ሲላላ ይታያል፣ ይጠበቃል። ብየዳ ሲሰነጠቅ ግን ቀለም ስር ተደብቆ ይቆያል።

የተሳቢው መያዣ የሚቆለፍበትን የመንጠቆውን ኳስ ልክም አረጋግጡ። ሁለት ልኮች በገበያ ላይ ተደባልቀዋል። አንዱ 50 ሚሊሜትር ነው፣ ሌላው ከአሜሪካ ከሚመጡ ተሳቢዎች ጋር የሚሄደው 50.8 ሚሊሜትር። በዓይን አይለዩም። ለ50.8 የተሠራ መያዣ 50 ኳስ ላይ ይቆለፋል፣ ግን ልል ነው፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ሊወጣ ይችላል። ቁጥሩ ኳሱ ላይ ተቀርጿል፣ መያዣውም ላይ አለ። ሁለቱ ይመሳሰሉ።

ከቆለፋችሁ በኋላ የተሳቢውን አንገት በክሪክ ወደ ላይ ግፉት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ በትክክል ተይዟል። ከዚያ ሁለት ሰንሰለት ከአንገቱ ስር አቋርጣችሁ፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ እሰሩ። መያዣው ቢወጣ አንገቱ አስፋልት ላይ ሳይሰካ የተቋረጡት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል። ሰንሰለቱ ለመታጠፍ በቂ ይርዘም፣ መሬት ግን አይንካ።

ሚዛኑ፦ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ

ከመላው መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ተሳቢ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ የሚጀምርበት ዋናው ምክንያት ክብደቱ ወደ ኋላ ማመዘኑ ነው። ጀልባ ደግሞ በተፈጥሮው ኋላው ይከብዳል። ሞተሩ ኋላ ነው፣ ባትሪው ኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ታንኩም ኋላ ነው። በዚህ ሁኔታ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት መኪናውን ራሱን ያወዛውዘዋል።

መንጠቆው ላይ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህል እንዲያርፍ አድርጉ። 1,900 ኪሎ ከሆነ 190 ኪሎ ማለት ነው። ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ መወዛወዙ ይመጣል። በጣም ሲበዛ ደግሞ የፒካፑ ባሌስትራ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪውም ፍሬኑም ይደክማል። ይህ 190 ኪሎ ፒካፑ ላይ እንደተጫነ ዕቃ ይቆጠራል፣ አትርሱት።

እንዴት ይለካል? የሰው ሚዛን ብቻውን ይህን ያህል አይችልም። ጠንካራ ጣውላ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ብሎኬት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኑ ላይ አሳርፉት፤ በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል 1 ሜትር ይኑር። መጀመሪያ ጣውላው ብቻውን ስንት እንደሚያነብ ጻፉ። ከዚያ የተሳቢውን አንገት ከብሎኬቱ በኩል 33 ሳንቲሜትር ላይ አሳርፉ። ሚዛኑ ያነበበውን ውሰዱ፣ የጣውላውን ቀንሱ፣ በ3 አባዙ። 63 ኪሎ ካነበበ 189 ኪሎ ነው። በዚህ ጊዜ ተሳቢው ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን። ጎማዎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንቀሳቀሱ ታኮ ይደረግባቸው። አንገቱም ፒካፑ ላይ ሲያያዝ በሚኖረው ከፍታ ልክ ይሁን።

ቁጥሩ ካነሰ ጀልባውን ወደ ፊት ሳቡት። አብዛኛው የጀልባ ተሳቢ ፊት ለፊት የጀልባውን አፍንጫ የሚያቆም ድጋፍ አለው። ድጋፉን ፈትታችሁ ጥቂት ሳንቲሜትር ወደ ፊት ማዛወር ብዙ ለውጥ ያመጣል። ነገር ግን የጀልባው የኋላ ግድግዳ፣ ሞተሩ የተሰቀለበት፣ ከስሩ ድጋፍ ሳያገኝ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ጀልባው ከድጋፉ አልፎ ከተንጠለጠለ በጉድጓድ መንገድ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የሚሻለው የተሳቢውን ዘንግ ወደ ኋላ ማዛወር ነው። በቡሎን የታሰረ ከሆነ ለጎበዝ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እዚሁ ግቢ የተበየደ ተሳቢ የምታሠሩ ሰዎች በተለይ አድምጡኝ። ዘንጉ መሃል ላይ ከተቀመጠ ተሳቢው ለእህል ጭነት እንጂ ለጀልባ አልተሠራም። ጀልባውን አስመዝናችሁ፣ ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ አግኝታችሁ፣ ከዚያ ዘንጉን አስቀምጡ። በያጁ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ካለ አትስማሙ።

የተሳቢው ፍሬን

ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ከሌለው እኔ እስከ ዱከም እንኳ አላንቀሳቅሰውም። ደረቅ አስፋልት ላይ በዝግታ ስትነዱ ምንም አይመስልም። ዝናብ ሲዘንብና ከፊት ያለው ሚኒባስ ድንገት ሲቆም ነው ልዩነቱ የሚታየው።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ በግፊት የሚሠራ ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት ፍሬኑን ይይዛል። ቀላልና አስተማማኝ ነው፣ ውሃም አይፈራም። አንድ ጠባይ አለው፦ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስትሄዱ ግፊቱን እንደ ፍሬን ቆጥሮ ሊይዝ ይችላል፤ የቆዩት የሚፈታ ማገጃ አላቸው። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ከሹፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያ ይገጠምለታል። ተሳቢው ሲወዛወዝ የእሱን ፍሬን ብቻ መያዝ መቻሉ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

ተሳቢው ቢለቅ ፍሬኑን የሚስበው ቀጭን የብረት ገመድም አለ። እሱን ኳሱ ላይ ሳይሆን የመኪናው ሻንሲ ላይ እሰሩት። መንጠቆው ራሱ ቢነቀል ገመዱ ሥራውን እንዲሠራ ነው።

ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ መብራት

የተሳቢ ጎማ በኪሎ ሜትር አያልቅም፣ በቆይታ ያልቃል። ጥርሱ አዲስ መስሎ ጎኑ ይሰነጠቃል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለአራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ። 3218 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን በከባድ ጭነት አትመኑት። ነፋሱን ጎማው ላይ የተጻፈውን ልክ ሙሉት፤ ጎሚስታው በለመደው የአውቶሞቢል ልክ እንዳይሞላው ቆማችሁ እዩ። ለተሳቢው የራሱ ስኮርታ ያዙ፣ የፒካፑ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም።

ኩሽኔታውን ከጉዞ በፊት ክሪክ አንስታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። የሚያንጓራጉር ድምፅ ካለ ይለወጥ። ከሌለ ግራሶ ይታደስ። መብራቱን ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፈትኑ፦ ፍሬቻ ግራ፣ ፍሬቻ ቀኝ፣ ስቶፕ። የተሳቢውን ሰሌዳና ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃዳችሁም ደረጃ ተሳቢ ለመጎተት እንደሚፈቅድ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

ማሰሩ

ተሳቢው ፊት ላይ ያለው መጎተቻ ማሽን ጀልባውን ለመሳብ ነው፣ ለጉዞ መያዣ አይበቃም። አፍንጫው ላይ ሌላ ሰንሰለት ጨምሩ። ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ባለማጥበቂያ ቀበቶ እሰሩ። ሞተሩን ወደ ላይ አንሱና በድጋፍ ብረት አስደግፉት፤ በራሱ ሃይድሮሊክ ብቻ ተንጠልጥሎ አይሂድ። ጀልባው ውስጥ ያለ ልቅ ዕቃ ሁሉ ይውጣ ወይ ይታሰር። ሸራው ለግቢ ማቆሚያ የተሠራ ከሆነ ለጉዞ አውልቁት፣ ንፋስ ይቀደዋል።

ቁመቱንም ለኩ። በከተማ ዳርቻ ሰፈሮች የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ ዝቅ ብሎ የሚያልፍባቸው የውስጥ መንገዶች አሉ። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ከግቢ እስከ አስፋልት በእግር ሂዱና ሽቦዎቹን እዩ። ሽቦ በእንጨት እየገፉ ማለፍ የሚባል ነገር አይሞከርም፣ ሰው ይገድላል። ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ልምምድ

ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ አካባቢ መኪና የማይበዛበት ሰፊ ቦታ አታጡም። ወደ ኋላ መሄድን እዚያ ተለማመዱ። እጃችሁን የመሪው ታች ላይ አድርጉ። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ፣ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ። በትንሽ በትንሹ አዙሩ። ተሳቢው ከልክ በላይ ከታጠፈ ለማቃናት አትታገሉ፣ ወደ ፊት ሄዳችሁ እንደገና ጀምሩ።

መታጠፍም ይለመዳል። ተሳቢው ሁልጊዜ ከመኪናው ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሰፋ አድርጉ። ስፔኪዮው የተሳቢውን ጎማ ካላሳያችሁ ማራዘሚያ ይገጠምለት። በመጨረሻም በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ ፍሬን ያዙ። መኪናው ከኋላ ከተገፋ የተሳቢው ፍሬን በቂ አይደለም፤ ወደ መካኒኩ ተመለሱ።

መንገዱ

ቅዳሜ ወይም እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ብርሃን እንደታየ ውጡ። ወደ ቆቃ ወይም ዝዋይ ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ የሚጀምረውን የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ያዙ፣ ሞጆ ላይ ወደ መቂና ባቱ (የዝዋይ ከተማ) ወደሚወስደው ታጠፉ። የድሮው መንገድ በዱከምና በቢሾፍቱ ያልፋል፤ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ እግረኛ፣ ፍጥነት መቀነሻ ይበዛበታል። እያንዳንዱ ድንገተኛ ማቆም ሁለት ቶን ይጠይቃችኋል። የክፍያው ብር ይከፈል።

የፍጥነት መንገዱ ላይ እንደፈለጉ አይቆምም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ ክፍያ በር ከመድረሳችሁ በፊት ይሁን። ቀበቶው ላልቷል? መያዣው ተቆልፏል? የጎማውን መሃል በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ሞቅ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የተያዘ ፍሬን አለ፣ ጉዞው ይቁም። ሞጆ ስትደርሱ ደግማችሁ እዩ።

በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ። ከፊት ካለው መኪና የለመዳችሁትን ርቀት እጥፍ አድርጉ። ቁልቁለት ሲመጣ ገና ከአናቱ ማርሽ ቀንሱ፤ ያን ቁልቁለት ለመውጣት የምትጠቀሙበት ማርሽ ለመውረድም ልኩ ነው። እግር ፍሬን ላይ አስቀምጦ መውረድ የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፣ የጋለ ሸራ አይዝም። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ።

ትልቅ ሲኖትራክ በጎናችሁ ሲያልፍ አየሩ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ይስባል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። የእግር ፍሬን አትርገጡ፣ መሪ እያዞራችሁ ለማስተካከልም አትሞክሩ፣ ሁለቱም ያባብሱታል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ካላችሁ የተሳቢውን ብቻ ያዙ። ሲረጋጋ የሚቆምበት ቦታ ፈልጉና ሚዛኑን እንደገና እዩ። በተወዛወዘበት ፍጥነት መቀጠል አይቻልም።

ወደ ጣና የሚያስብ ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ለከባድ ጀልባ ያ የፒካፕ መንገድ አይደለም። ጀልባውን በሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ባለ የጭነት መኪና) አስጭኑት። ከውጭ አገር የሚመጣ ጀልባ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፍ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ማምጣቱ ትርፉ ድካም ነው። ቆቃ ከሞጆ ቅርብ ነው።

ውሃ ዳር

ከውሃው ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የማፍሰሻውን ቡሽ ግጠሙ፤ ይህን የረሳ ሰው ጀልባው ዓይኑ እያየ ይሰምጣል። የኋላ ቀበቶዎቹን ፍቱ፣ የአፍንጫውን ግን እስከ መጨረሻው አትልቀቁ። የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ። ከዚያ ጠብቁ። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል። ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ይበቃል።

በሐይቆቻችን ዳር የሲሚንቶ መውረጃ ያለበት ቦታ ጥቂት ነው። መሬቱን በእግር ረግጣችሁ ፈትኑ። ጭቃው ጫማ የሚውጥ ከሆነ መኪናውንም ይውጣል። ፎር ዊሉን በከባዱ ማርሽ አስገቡ፣ በዝግታ ወደ ኋላ ሂዱ፣ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ በእጅ ምልክት ይምራችሁ። ከመኪናው ኋላ ማንም አይቁም። ከቆማችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን ያዙና የፊት ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርጉ። ጀልባው ረጅም ገመድ ተይዞለት ይንሳፈፍ።

መመለሻው

ጀልባው ከወጣ በኋላ ቡሹን አውጡና ውሃውን እዚያው አፍስሱ። ከዚያ ተሳቢውን ዙሩት። ቆቃ ላይ እንቦጭ አለ። ቁራጩ ዘንጉ ላይ፣ የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ፣ ቀበቶው ውስጥ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ትንሽ ቁራጭ ደግሞ ሌላ ሐይቅ ላይ መልሳ ትበቅላለች። ጣና ላይ የደረሰውን ሁላችንም አይተናል። አንድም ቅጠል ሳታስቀሩ በእጅ ልቀሙ፣ ከውሃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ጣሉ። ወደ ሌላ ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ጀልባውም ተሳቢውም በደንብ ይድረቅ። ይህን ማንም ቆሞ አይቆጣጠራችሁም፣ ስለዚህ የእናንተ ሥራ ነው።

ተነስታችሁ ጥቂት እንደሄዳችሁ ፍሬን ደጋግማችሁ በቀስታ ያዙ፣ የራሰው የፍሬን ሸራ እንዲደርቅ። ዳገቱ ላይ የሙቀት ጠቋሚውን አትርሱ። ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ግቢ ስትደርሱ ቱርቦ ያለውን ሞተር ወዲያው አታጥፉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ይሥራ።

ጀልባው እስከ ቀጣዩ ጉዞ ውጭ የሚቆም ከሆነ አፍንጫውን ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ቡሹንም ክፍት ተዉት። የአዲስ አበባ ክረምት ክፍት ጀልባ ይሞላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው፤ ባሌስትራውም ጎማውም ያንን ተሸክመው ሁለት ወር መክረም የለባቸውም። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ፣ ግራሶውንም ዝናቡ ሳይመጣ አሳድሱ።